የጽጌ ስለት

ሰሞኑን የደም ግፊት መድኃኒቴን ላመጣ ወጥቼ በሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ሳልፍ፣ አደባባዩ ላይ በየዓመቱ የሚዘረጋውን የበረዶ ሜዳ ሲያዘጋጁ ደረስኩ። ገና ሰው አልገባበትም። ሠራተኞቹ በበረዶው ዙሪያ ጥቁሩን የጎማ ምንጣፍ ዘርግተው በውኃ ያጥቡታል፣ ማቀዝቀዣው ከጎን ያጉረመርማል። የረጠበ ጎማና የቀዘቀዘ ብረት ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ እርምጃዬ ተገታ። ምንም የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ፀሐይ ወጥታለች፣ ሰዉ ቡናውን ይዞ ወዲያና ወዲህ ይላል። የእኔ ዓይን ግን በባዶው በረዶ ላይ የወደቀ ልጅ ይፈልጋል። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ፤ ፋርማሲውም ቆይ ይጠብቀኝ ብዬ ተውኩት። የልጄ የማኅሌት ዘመን መጣብኝ፤ እናቷ ጽጌ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ዳዊት የምትደግምበት፣ እኔም በሁለቱ መካከል የምባትትበት ያ ዘመን።

ጊዜው ስልክ የሚታጠፍበት ጊዜ ነበር። መንገድ የምናውቀው በሰው ምልክት እንጂ መኪናው እየነገረን አልነበረም። ቤንዚን ጋሎኑ ሁለት ዶላርን ሲያልፍ ዓለም ያለቀ መስሎን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆመን የተማረርንበት ጊዜ ነው፤ ዛሬ ያ ዋጋ ቢመለስ በእልልታ እንቀበለው ነበር። ጆርጂያ አቬኑ ላይ አሁን ሰማይ የሚነኩት ሕንፃዎች አልነበሩም፤ በእነሱ ቦታ የተዘጉ ሱቆች፣ አንድ የጫማ ማደሻና ካሴት የምንገዛበት ጠባብ ቤት ነበሩ። እኔ ክሪስታል ሲቲ አንድ ሆቴል ውስጥ ሜንቴናንስ፣ ጥገና መሆኑ ነው፣ እሠራ ነበር፤ ግራጫ ሸሚዝ፣ ደረቱ ላይ ስሜ የተሰፋበት። ጽጌ ነርስ ነበረች። አረንጓዴ የሥራ ልብሷን እቤትም፣ ገበያም፣ አንዳንዴ እንግዳ ፊትም ትለብሰው ነበር፤ «ይሄ ከሐበሻ ቀሚስ በምን ያንሳል?» ትለኛለች።

ማኅሌት በረዶ የረገጠችው የክፍል ጓደኛዋ ልደት ላይ ተጠርታ ነው። ይዛት የሄደችው ጽጌ ራሷ ነበረች። ሌሎቹ ልጆች አጥሩን ሙጥኝ ሲሉ፣ የእኛዋ በዚያ ቡናማ የኪራይ ጫማ መሐል ሜዳ ገብታ ወድቃ፣ ተነሥታ፣ እንደገና ወድቃ፣ ስትመለስ ከወገቧ በታች እርጥብ፣ ጥርሷ ግን አልከደን ብሎ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ገባች። ከዚያ ጋሊና የምትባል ከሩሲያ የመጣች አሠልጣኝ አየቻትና፣ «ይህቺ ልጅ ለዝላይ አልተፈጠረችም፤ ሙዚቃ ግን ትሰማለች። አይስ ዳንስ ትግባ» አለችን። አይስ ዳንስ ወንድና ሴት ተያይዘው በሙዚቃ በረዶ ላይ የሚሄዱበት ነው፤ እንደ ሌላው የበረዶ ሸርተቴ አየር ላይ መሾር የለበትም። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። መዝለል ከሌለ መውደቅም አይኖርም ብዬ ነበር፤ የዋህ።

ጋሊና የምታሠለጥነው አሌክሳንድሪያ ስለነበር ጎህ ሳይቀድ ከሲልቨር ስፕሪንግ እንነሣለን። ማኅሌት ከኋላ ወንበር በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ትተኛለች። አሮጌዋ ኮሮላችን ማሞቂያዋ እግር ታሞቃለች እንጂ እጅ አታሞቅም። ወንዙ ላይ ያለው አሮጌው ድልድይ መርከብ ሲመጣ ለሁለት ይከፈትና መኪናው ሁሉ ተሰልፎ ይቆማል፤ እኔም መሪውን ጨብጬ ማርፈዷን አስባለሁ፣ የሥራ ሰዓቴን አስባለሁ፣ ድልድዩ አርጅቷል የሚባለውንም አስባለሁ። በተፈጥሮዬ ስጉ ነኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ ልጅ ጥላህ ቢከተልህም ሌባ ነው ትላለህ» ትለኝ ነበር። ከልምምድ በኋላ በጥግ ካለችው ዳቦ ቤት ትኩስ ዶናት እገዛላታለሁ። ስኳሩን ከጣቷ እየላሰች ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ። ሙዚቃችን ከካሴት ነበር፤ እኔ የትዝታ ቅኝት ስከፍት እሷ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ምቱን ትቆጥራለች።

የሐበሻው ጥያቄ ደግሞ ለብቻው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በምድር ቤቱ አዳራሽ እትዬ የሺ የሚባሉ የሰፈሩ ሁሉ ትልቅ እናት ያዙኝ።

«ልጅህ ምን ትሠራለች አሉኝ?»

«በረዶ ላይ ትደንሳለች፣ እትዬ።»

«ብቻዋን?»

«ከአንድ ልጅ ጋር።»

«ወንድ?»

«አዎ።»

እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ይሁን። ብርድ እንዳይመታት ብቻ ከውስጥ ወፍራም ልበሺ በላት» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ባገኙኝ ቁጥር ስለ ልጅቷ ትምህርት ሳይሆን ስለ ሱሪዋ ውፍረት ነበር የሚጠይቁኝ።

ወንዱ ልጅ ኮሊን ይባላል። ረጅም፣ ዓይን አፋር፣ ጆሮው ቶሎ የሚቀላ ልጅ። በዚህ ሙያ ወንድ ብርቅ ነው፤ አንድ ወንድ ሲገኝ ብዙ ሴቶች ወረፋ ይይዙለታል። ማኅሌት እሱን ስታገኝ የሎተሪ ያህል ተቆጠረላት። ሲለማመዱ ጽጌ ወንበር ላይ አትቀመጥም፤ አጥሩ ጋ ቆማ፣ ግንባሯን ከአጥሩ በላይ ባለው መስተዋት ላይ አስደግፋ፣ ትንፋሿ መስተዋቱን ሲያደበዝዘው በእጅጌዋ እየጠረገች ታያለች። ከአሥራ ሁለት ሰዓት የሆስፒታል ሥራ ቀጥታ መጥታ እንኳን እንዲህ ነበር የምታየው። «እግሬ ዕረፍት የሚያገኘው የእሷን እግር ሳይ ነው» ትል ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። ማኅሌት ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት፣ በአንድ ተራ ልምምድ፣ ኮሊን ከፍ አድርጎ ይዟት ሲዞር ጫማው በረዶው ላይ ያለ ስንጥቅ ያዘው። ሁለቱም ወደቁ። እሱ በክንዱ፣ እሷ በጭንቅላቷ። ድምፁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ጽጌ አጥሩን እንዴት እንደዘለለችው ማንም አላየም፤ እኔ ቀና ስል ከነሥራ ጫማዋ በረዶው ላይ ተንበርክካ የልጅቷን ዓይን ትከፍታለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ጨለማ ክፍል ነው። መጋረጃ ተዘግቶ፣ ቴሌቪዥን ጠፍቶ፣ መጽሐፍ ተከልክሎ። ማኅሌት ብርሃን ሲነካት ታስታውካለች። አንዱን ጥያቄ ደጋግማ ትጠይቃለች፤ «አባዬ፣ ዛሬ ልምምድ አለኝ?» የለሽም እላታለሁ። ጥቂት ቆይታ እንደገና ትጠይቀኛለች። ሐኪሞቹ ጊዜ ይፈልጋል ይላሉ። ጽጌ የሚሉትን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ ነገሩ የሌላ ልጅ እናት ላይ ሲደርስ እሷው ነች እንዲህ ብላ የምታጽናና። ለራሷ ሲመጣ ግን ዕውቀቷ ፍርሃቷን አባሰው እንጂ አልቀነሰላትም። ከሆስፒታሉ ወጥተን መኪና ውስጥ ስንገባ ቁልፉን ከእጄ ያዘችና፣ «ቆይ፣ አትነሣ። ተስያለሁ» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለገብርኤል። ልጄን እንደነበረች ከመለስክልኝ ሁለተኛ በረዶ አትረግጥም ብዬዋለሁ።»

ያን ጊዜ ደስ ነው ያለኝ። እኔ ለራሴ በረዶ የሚባል ነገር ከዓለም ቢጠፋ ግድ አልነበረኝም። ችግሩ ማኅሌት ስትድን ነው የመጣው። ብርሃን ተለመደ፣ ጥያቄው ቀረ፣ ዶናቷን በላች፣ ከወንድ አያቷ የወረሰችው ቁጣም ተመለሰ። ሐኪሙም ቀስ በቀስ መመለስ ትችላለች አለ። በዚያው ሰሞን የኮሊን እናት ደወለች። ጥሩ ሴት ነበረች፤ ድምፅዋ ግን ተጨንቋል። ከሌላ ከተማ ያለች ልጅ ቤተሰብ ኮሊንን እየጠየቀ ነው፤ እሱ ማኅሌትን እጠብቃለሁ ብሏል፤ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ግን እንድንነግራት ፈለገች። ማኅሌት ይህን ሁሉ ከደረጃው ላይ ተቀምጣ ሰምታለች። «እመለሳለሁ በላት አባዬ! ቴል ኸር!» እያለች ታለቅሳለች። ጽጌ እቃ እያጠበች ነበር። ጀርባዋን ብቻ ነው ያየሁት፤ ውኃው ይፈሳል፣ እጇ ቆሟል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይኸው ነው።

ቅዳሜ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሟትና፣ «ልጄ፣ የተሳልሽው በማን እግር ነው?» አሏት።

«በልጄ።»

«እሷ ታውቃለች?»

«አታውቅም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው በሌላ ሰው ገንዘብ ተስለሻል። ሰው የሚሳለው በራሱ ነው። በይ ጃንጥላ አምጪ፣ ሻማ አምጪ፣ ለመቅደሱ መጋረጃ አሠሪ። የቀረውን እኔ እጸልያለሁ።»

ማንም ሌላ ሰው እግራቸውን ስሞ በደስታ ይወጣ ነበር። ጽጌ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። «ጃንጥላማ ከሱቅ ይገዛል» አለች። «እኔ ልጄን ነው የተቀበልኩት። በጃንጥላ ልመልስለት?»

«እሺ፣ በዚህ ነገር ውስጥ ያንቺ የሆነው ምንድን ነው?»

«ማየቴ» አለች። «እሷ ትርገጥ። እኔ በረዶ ላይ ሆና ሁለተኛ አላያትም።»

አባታችን ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ጭንቀት አየሁ። «ይህን እኔ አላዘዝኩሽም» አሏት።

«አውቃለሁ፣ አባቴ።»

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ አስማለችኝ፤ ለማኅሌት እንዳልነግራት። «ካወቀች ስለቴን ተሸክማ ነው የምትሄደው። እግሯ ይከብዳል» አለች።

እንዲህ ነው ያ የመኪና ማቆሚያ ዘመን የገባው። ጽጌ እቤት መቅረት ትችል ነበር፤ አልቀረችም። የሥራ ተራዋን እየቀያየረች ውድድር በተባለ ቁጥር ትመጣለች፤ ከአዳራሹ በር ላይ ልጇን ትስማለች፣ ፀጉሯን ታስተካክላለች፣ ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብታ ዳዊቷን ትከፍታለች። ቀሚሱን የምትሰፋው እሷ ነበረች። የሚያብረቀርቁትን ጠጠሮች የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በወረንጦ አንድ በአንድ ትለጥፋለች፤ በረዶው ላይ መብራት ሲያርፍባቸው ምን እንደሚመስሉ ግን አታውቅም። እኔ ከውስጥ እደውልላታለሁ። «ገባች» እላለሁ። ሲያልቅ ደግሞ «ወጣች» እላለሁ። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ጊዜ በሰዓት ሲለካ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ያረጀሁት እዚያ መካከል ነው ብል አላጋነንኩም። በረዶው ላይ ያለችውን ሳይ ስለ ውጪዋ እጨነቃለሁ፣ የውጪዋን ሳስብ የበረዶዋን አንድ ዙር እስታለሁ።

ለማኅሌት መጀመሪያ ላይ እናትሽን ብርዱ ያማታል እንላት ነበር። ልጅ እያለች አመነች። ስታድግ ማመኗን ተወች። አሮጌው ድልድይ ፈርሶ አዲሱ፣ ሰፊው፣ ተሠርቶ ሲያልቅ ዐሥራ ሰባት ሆኗት ነበር፤ ፀጉሯን ጠፍራ፣ ጆሮዋ ላይ ነጩን የሙዚቃ ሽቦ ሰክታ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ የምትጨርስ ወጣት። በዚያ ዓመት ጋሊና የባህል ጭፈራ እንሥራ ብላ፣ ማሲንቆና ከበሮ ያለበት ሙዚቃ ተመረጠ። እስክስታውን ያስተማረቻቸው ጽጌ ነች፤ ሳሎናችን ውስጥ፣ ሶፋው ተገፍቶ። የኮሊን ትከሻ እንደ ቁም ሣጥን ነበር፤ ጽጌ ከኋላው ቆማ ትከሻውን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ከዚህ አይደለም፣ ከዚህ፤ ከበሮውን ስማ» ትለዋለች፣ ጆሮው ይቀላል። ሳቅን። እንደዚያ ቀን በቤታችን የተሳቀበት ቀን አላስታውስም። ማኅሌት እየሳቀች ድንገት ቆመችና፣ «እማ፣ ይሄን ለማየት ትመጫለሽ አይደል?» አለቻት።

ጽጌ ትራስ አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች። «አባትሽ ይነግረኛል» አለች።

የዚያ ክረምት ትልቁ ውድድር ከአገር አቀፉ በፊት ያለው ማጣሪያ ነበር፤ ያለፈ ያልፋል፣ የቀረ ይቀራል። በአጋጣሚ በእኛው አካባቢ ተደረገ። ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አዲሱ ድልድይ ላይ እየነዳሁ፣ ማኅሌት ሽቦውን ከጆሮዋ ነቅላ፣ «አባዬ፣ ከዚህ በኋላ አቆማለሁ» አለችኝ።

«ምን ሆነሽ?»

«እማ ታፍርብኛለች። ሳሎን ውስጥ ካስተማረችኝ፣ በረዶ ላይ ማየት ምን ያደርጋታል? ሺ ሄትስ ኢት። የምትጠላውን ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ልሠራው አልችልም። ለኮሊን ነግሬዋለሁ።»

ጽጌ ያስማለችኝ እግሯ እንዳይከብድ ነበር፤ ይኸው ዝምታው ራሱ ከስለቱ ከብዶ ልጅቷን ከበረዶው ሊያወጣት ነው። ነገርኳት። ጨለማውን ክፍል፣ ገብርኤልን፣ ጃንጥላውን፣ ሁሉንም። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ተቆጣች።

«ኖባዲ አስክድ ሚ! የኔ እግር ነው፣ የኔ ጭንቅላት ነው። ማንም አልጠየቀኝም!»

«ልክ ነሽ።»

«እኔ እኮ ያን ሁሉ ጊዜ ዞር ብዬ በሩን እያየሁ ነው የገባሁት፣ አባዬ። ሁሌ። ምናልባት ዛሬ ትገባ ይሆናል ብዬ።»

የበረዶ ሜዳው ጋ ስንደርስ በሩን በኃይል ዘግታው ወረደች። እቤትም እናቷን እንደ ወትሮው ትስማለች፣ ምንም አትልም። ተናግራ ቢወጣላት ይሻለኝ ነበር። ስለቱን በመናገሬ ይባስ አጥፍቼው እንደሆነ፣ ቁጣዋን ይዛ በረዶ ላይ ትወጣ እንደሆነ እያሰብኩ እነዚያን ቀኖች እህል አልወረደልኝም።

ዕለቱ ደረሰ። ጽጌ ነጠላዋን ከወፍራሙ ካፖርት ላይ አጣፍታ፣ ከበሩ ላይ ልጇን ስማ፣ ወደ መኪናዋ ሄደች። ማኅሌት ከኋላዋ ቆማ አየቻት። እኔ ገብቼ አጥሩ ጋ፣ ከበረዶው መውጫው በር አጠገብ ቆምኩ። ስልኩን ከፍቼ «ገባች» አልኩ፤ ልዘጋው ስል ከበሮው ጀመረና ተውኩት። እንደተከፈተ ያዝኩት።

ጥሩ ጀመሩ። የኮሊን ትከሻ እንኳን ሰው ትከሻ ሆኗል። ማኅሌት ግን ፊቷ ተቋጥሯል፣ ከሙዚቃው ቀድማ ትሄዳለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው በአንድ እግር እየሾሩ የሚሄዱበት ቦታ ሲደርስ ጫማዋ ከዳት። በጎኗ ወድቃ እስከ አጥሩ ተንሸራተተች። አዳራሹ በአንድ ላይ «ኦ!» አለ። ስልኩ ውስጥ የመኪና በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ከዚያ ሩጫ፣ ከዚያ ምንም።

ኋላዬ ያለው የአዳራሹ በር ተበረገደ። ጽጌ ነበረች፣ ነጠላዋ መሬት ይጎተታል። ሁለት እርምጃ ወደ አጥሩ ሮጠችና በረዶው ነጭ ሆኖ ብቅ ሲልባት ተገትራ ቀረች፤ ወዲያው ዞረች። ጀርባዋን ለመስተዋቱ፣ ፊቷን ለግድግዳው ሰጠች። ክንዴን ጨመደደችው።

«ተነሣች?»

«እየተነሣች ነው።»

«ጭንቅላቷን ነው?»

«አይደለም። በጎኗ ነው።»

«ዓይኗን እየው። ቀጥ ብሎ ያያል?»

አየሁ። የማኅሌት ዓይን ቀጥ ብሎ ያይ ነበር፤ የሚያየው የእናቷን ጀርባ ነው። ኮሊን እጁን ዘርግቶ ይጠብቃታል፣ ሙዚቃው አልፏቸው ሄዷል፣ እሷ ግን ከመስተዋቱ ማዶ ቆማ ያን ጀርባ ታያለች። ጽጌ ይህን አታውቅም። ከበሮውን ብቻ ነው የምትሰማው። ዓይኗን ጨፍና ልጇ ከየት መግባት እንዳለባት እየፈለገች ነበር መሰለኝ፣ ከነጠላው ሥር ትከሻዋ መምታት ጀመረ፤ በትንሹ፣ እንደ ሳሎኑ። ማኅሌት ያን አየች። ከእናቷ ትከሻ ላይ ምቱን ይዛ የኮሊንን እጅ ጨበጠችና ገባች።

የቀረውን ለጽጌ በጆሮዋ ነገርኳት። አሁን ዞሩ። አሁን ያዛት። አሁን በአንድ እግር ነች። «እሰማዋለሁ፣ ዝም በል» አለችኝ። ሙዚቃው ሲያልቅ አዳራሹ አጨበጨበ፤ ለአሸናፊ የሚጨበጨበው ዓይነት አልነበረም። የወደቀ ሰው ማጣሪያ አያልፍም፣ ይህን እኔም አውቃለሁ። ኮሊን እያለቀሰ ወደ ጋሊና ሄደ። ማኅሌት በእኛ በኩል ወዳለው በር መጣች። ቀሚሷ በአንድ ጎኑ ረጥቧል፣ ጥቂት ጠጠሮች ረግፈዋል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። የምታቆም ከሆነ ይህ የመጨረሻዋ ነበር። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች፤ እግሯን ወደ ጎማው ምንጣፍ አላወጣችም።

ጽጌ የጫማዋን ብረት ድምፅ ሰምታለች። ሳትዞር፣ «ማኅሌቴ፣ ከበረዶው ወጣሽ?» አለቻት።

ማኅሌት በሁለት እግሯ በረዶው ላይ እንደቆመች ጎንበስ ብላ ከኋላዋ አቀፈቻት፤ እርጥብ ጉንጯን የእናቷ ትከሻ ላይ አስደገፈች።

«ገና ነኝ፣ እማ» አለቻት። «እንዳትዞሪ።»